የፍቅረኛችሁን ልጅ ታክስ ላይ ስታስገቡ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ ሳይጋቡ አብረው እየኖሩ የፍቅረኛቸውን ልጅ በዓመታዊ የታክስ ማስታወቂያቸው ላይ እንደ ጥገኛ ለሚያስገቡ ነው የምጽፈው። ልጁ የሴቷ ነው እንበል፤ የወንዱ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የ2025 የታክስ ዓመት ናቸው።

ችግር፦ በኢንተርኔት የላካችሁት ታክስ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ

የልጁን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል። አንድ ልጅ በዓመት አንድ ታክስ ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት ቤት ውስጥ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እናትየው ወይም የልጁ አባት ናቸው። መብቱ የእነሱ ከሆነ ልጁን አውጥታችሁ እንደገና ላኩ። የእናንተ ከሆነ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ባለ 6 አሃዝ አይፒ ፒን፣ ማለትም የማንነት መጠበቂያ ቁጥር፣ አውጥታችሁ ላኩ፣ ወይም በወረቀት በፖስታ።

ችግር፦ 2,200 ዶላር ስትጠብቁ 500 ብቻ መጣ

ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። ካልተጋባችሁ ልጁ አባዬ እያለ ቢጠራችሁም ለአይአርኤስ ባዕድ ነው። ስለዚህ 2,200ው፣ ማለትም ለልጅ የሚሰጠው ቻይልድ ታክስ ክሬዲት፣ የለም፤ ያለው ለሌሎች ጥገኞች የሚሰጠው 500 ዶላር ነው። በእሱ ሰበብ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድም (ላላገባ የቤት ኃላፊ ታክስ የሚያቀል ምድብ) ሆነ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ ክሬዲት) አይገኝም። «የእንጀራ ልጅ ብለን እንሙላው፣ ማን ያያል» የሚል ታክስ ሠሪ ከገጠማችሁ ውልቅ በሉ። ፊርማው የእናንተ ነው። ማጭበርበር ከተባለ ከክሬዲቱ ለ10 ዓመት ያግዳሉ። እስከ ዲሴምበር 31 ከተጋባችሁ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደተጋባችሁ ይቆጠራል፤ ልጁም በእርግጥ የእንጀራ ልጃችሁ ይሆናል።

ችግር፦ 500ዋም ተከለከለች

ልጁ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ዓመቱን በሙሉ ከእናንተ ጋር መኖር አለበት። በጁን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ለዚያ ዓመት አይሆንም። ገና አዲስ አበባ ያለና ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ልጅ ጭራሽ አይገባም፣ ብር በየወሩ ብትልኩም። ከወጪውም ከግማሽ በላዩን እናንተ መሸፈን ይኖርባችኋል፤ የቤት ኪራይ ውሉንና የምግብ፣ የትምህርት ደረሰኞችን አስቀምጡ። የልጁ የራሱ ገቢም ከ5,200 ዶላር በታች መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ አይደለም፣ በእናትየው በኩል ነው። እሷ ታክስ የማስገባት ግዴታ ካለባት ልጁ የእሷ ነው፣ በቃ። ቤት ውስጥ ሹሩባ ሠርታ ወጪዋ ተቀንሶ 400 ዶላር ከተረፋት እንኳ ግዴታ አለባት። ግዴታ ከሌለባትና ታክስ ካላስገባች፣ ወይም ከደሞዟ የተቆረጠውን ለማስመለስ ብቻ ካስገባች፣ ያኔ ልጁን እናንተ ማስገባት ትችላላችሁ።

ግን ቆም ብላችሁ አስሉ። እናትየው ተቀጥራ 14,000 ዶላር አገኘች እንበል፤ ላላገባ ሰው ግዴታው ከሚጀምርበት ከ15,750 በታች ስለሆነ ታክስ የማስገባት ግዴታ የለባትም። ልጁን ለእናንተ ብትተው ቤቱ የሚያገኘው 500 ነው። ልጁ ከ17 ዓመት በታች ሆኖ እሷም ልጁም ለሥራ የሚያበቃ ሶሻል ሴኩሪቲ ካላቸውና እሷ ራሷ ካስገባችው ግን ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱ 4,328 ነው። ከቻይልድ ታክስ ክሬዲቱም 1,700 በጥሬው ይመለስላታል። ለ500 ብሎ 6,028 መተው ኪሳራ ነው።

ችግር፦ በስህተት አስገብቼ ሪፈንዱን በልቻለሁ

ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። 1040-ኤክስ በሚባለው የማስተካከያ ቅጽ አስተካክላችሁ ትርፉን መልሱ፤ ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል። እናትየውም ልጁን ሳታስገባ ቀርታ ከሆነ ማስገባት የነበረባት ቀን ካለፈ 3 ዓመት እስኪሞላ ጊዜ አላት።