ተወካያችሁ ሁለት ደቂቃ ቢያገኙ ምን ይበሉላችሁ?

አራት ኪሎ ላይ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ፓርላማው ከድል ሐውልቱ የእግር መንገድ ስለሆነ "ለተከበሩ የምክር ቤት አባል ብለሽ ጻፊልኝ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ብዙው ወረቀት ግን ተጽፎ ይቀራል። ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ የሚጠየቅ ጥያቄ አጻጻፉ ሌላ ነው። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት። ከተማዋ ደግሞ የራሷ ምክር ቤት አላት። የቦይ መደፈን፣ የውሃ መስመር፣ የሰፈር መንገድ የከተማው ነው። ፌዴራል ተወካይ ጋ ይዛችሁ ብትሄዱ በትህትና ሰምተው ይሸኟችኋል። የአዋጅ፣ የፌዴራል በጀት፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጉዳይ ከሆነ ግን ትክክለኛው በር ይሄ ነው። የተወካያችሁን ስም ካላወቃችሁ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። አታፍሩ፣ ግማሹ ደንበኛዬ አያውቅም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንድ ጡረተኛ አባት መጡ። ስኳር አለባቸው። በእጃቸው የጻፉት 4 ገጽ ነው። "ልጄ፣ አንድ ቃል ሳትቀንሺ ተይቢልኝ" አሉኝ። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታና ምርቃት ነው። ሁለተኛው የሥራ ዘመናቸው ታሪክ። ኢንሱሊን የሚለውን ቃል ያገኘሁት ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። እንዳሉኝ ተየብኩት። ሄደ፣ ደብዛው ጠፋ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

ሁለተኛ ሲመጡ "ጋሼ፣ ደረሰኝ አለዎት?" አልኳቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ፌስታል አወጡ። ሦስት ደረሰኝ፣ የሦስት ተከታታይ ወር። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ዋጋው ሦስት ዓይነት። ይሄን ይዘው ነው ስለ ሥራ ዘመናቸው የጻፉት! አብረን ተቀምጠን አምስት መስመር ጻፍን፦ ማን እንደሆኑ፣ የት ወረዳ እንደሚኖሩ፣ ደረሰኞቹ ምን እንደሚሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥን፦ "የዚህን መድኃኒት ዋጋ የሚቆጣጠረው ማን ነው?"

አንድ ብቻ የሆነው በምክንያት ነው። በቴሌቪዥን አይታችሁ ከሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርቡ አባላቱ ተራ በተራ ይጠይቃሉ፣ መልሱ በኋላ ተጠቃሎ ይመጣል። ሦስት ጭራ ያለው ጥያቄ ከሆነ የሚመለሰው ቀላሉ ጭራ ነው። ደግሞ "ለምን" ብላችሁ ስትጠይቁ ስለ ዓለም ገበያ ረጅም ትንታኔ ትሰማላችሁ። "ማን"፣ "መቼ"፣ "ስንት" ብሎ የተጠየቀ ግን ለማምለጥ ይቸገራል። ይሄ የእኔ የልምድ ነገር ነው፣ ሕግ አይደለም።

"ተወካያችንን ችግር ውስጥ እንዳንከት" የሚሉም አሉ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ለማንኛውም ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ ብዙም አያስገርምም፤ በ2013ቱ ምርጫ አብዛኛው ወንበር የአንድ ፓርቲ ሆኗል። አባል ከአባል የሚለየው በጥያቄው ነው።

ጊዜውንም አትሳቱ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ሚኒስትሮች የዘጠኝ ወር ሪፖርት ይዘው የሚቀርቡት በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከፋሲካ በፊት ቢደርስ ደስ ይለኛል። የበጀት ነገር ከሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ አትምጡብኝ፣ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በክረምት ተወካዮች ወደ መራጫቸው ስለሚመለሱ በአካል ማግኘት ይሻላል። የመራጭ ተመራጭ መድረክ ሲጠራ ፊት ወንበር ያዙ።

ጉዳዩ ረቂቅ አዋጅ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ ስብሰባውን ብቻ አትጠብቁ። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴውም የሕዝብ መድረክ ይጠራል። እዚያ አንድ አንቀጽ ጠቅሶ "ይሄ ቃል እንዲህ ይስተካከል" ያለ ሰው፣ አዳራሽ ውስጥ ከሚደረግ ረጅም ንግግር የበለጠ ይሠራል። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነው የምታነቡት።

ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡ። ቅጂው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። ጥያቄው ከተነሳ ቀኑንና ስንተኛ መደበኛ ስብሰባ እንደሆነ ጻፉ፤ ቃለ ጉባዔው የሚፈለገው በዚያ ነው። "እኮ ባለፈው ተናግረውልን ነበር" ማለት ብቻውን የትም አያደርስም።

ጋሼን ተወካያቸው ደወሉላቸው። የደረሰኞቹን ኮፒ ፈልገው ነው። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ የሚይዙት በፌስታል ሳይሆን በክላሰር ሆኗል። ባለፈው ማክሰኞ አራተኛውን ኮፒ ለማስደረግ መጥተው ነበር። የማሽኔ ቀለም አልቆ ስለነበር "ነገ ይመለሱ" ብያቸዋለሁ።