በጣና ዳር የወጣቶች የሳይንስ ቅዳሜ ለማዘጋጀት

ባሕር ዳር ውስጥ ለወጣቶች የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፕሮግራም ልጀምር ነው የሚል ሰው ሲያማክረኝ፣ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከኮምፒውተር ብዛት ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ጎብኚ ሲመጣ የሚያስረዳው ማን ነው?» እላለሁ። «እኔ ነኛ!» ካለኝ ገና አልተዘጋጀም። ማስረዳት ያለባቸው ልጆቹ ናቸው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካን የአቶም ቦምብ ሥራ የመራው የፊዚክስ ሊቅ የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ፍራንክ፣ እሱም የፊዚክስ ሊቅ፣ በፖለቲካ ሰበብ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን አጥቶ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት ሲያረባ ቆየ፤ ኋላም በአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን፣ ዕቃው ሁሉ የሚነካበትን ሙዚየም ከፈተ። እዚያ ከማሳያዎቹ አጠገብ ቆመው ከጎብኚው ጋር የሚነጋገሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ያውም እየተከፈላቸው።

ሕንፃ የለንም ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቶላታል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለተማሪዎች የሚሆን የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል አለው። ለቅዳሜ ፕሮግራም ግን አንድ ክፍል፣ የማይነቃነቁ ጠረጴዛዎች፣ ውሃ የሚፈስበት በረንዳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ ከነካውያው እና አንድ ጥሩ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃሉ። በሚዛኑ ላይ አይሰስቱ።

የመጀመሪያው ማሳያ ደንገል ይሁን። ታንኳ ከሚሠሩ ሰዎች ጥቂት ደረቅ ደንገል ይግዙ። ልጆቹ አንዱን ግንድ በምላጭ አግድም ቆርጠው በማጉያ መነጽር ይዩት፤ ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው። ከዚያ ክንድ የሚያህል ጥቅል ያስሩና ይመዝኑ፤ በሳፋ ውሃ ላይ ያንሳፉት፤ እስኪሰጥም ድረስ ጠጠር ይጫኑበት፤ ጠጠሩንም ይመዝኑ። ጥቅሉ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደገና ሲመዘን ክብደቱ ጨምሮ ያገኙታል። ዓሣ አጥማጁ ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ መናገር አያስፈልግም። እዚህ ማሳያ ላይ ለሚቆም ልጅ አንድ ሕግ አለኝ፦ ጎብኚው እጁን ውሃ ውስጥ ሳያስገባ «አርኪሜደስ» የሚለው፣ የመንሳፈፍን ሕግ ያገኘው የጥንት ግሪካዊ ሊቅ ስም አይጠራም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያሰረችውን ጥቅል አንስተው፣ አገላብጠው አዩና፣ ፈትተው በጉልበታቸው ተጭነው መልሰው አሰሩት። ልጅቷ አልተቀየመችም። «አባባ፣ ውሃው የሚገባው በየት በኩል ነው?» አለቻቸው። «ከተቆረጠበት ነዋ!» አሉ። እሷም የአንዱን ጥቅል ጫፎች በሻማ ሰም ደፍና፣ ሌላውን እንዳለ ትታ ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ከተተች። ሽማግሌው ሚዛኑን ለማየት ሲሉ እስክንዘጋ አልሄዱም። እኔ በዚያ መሃል አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ የአዘጋጁ ሥራም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ከተጣለ ፕሪንተር የሚወጣ ሞተር ነው። ጥገና ቤቶች በርካሽ ይሰጡዎታል። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከትንሽ ኤል ኢ ዲ አምፖል ጋር አገናኝተው ዘንጉን በጣት ቢያሽከረክሩት ይበራል፤ ካልበራ ሌሎቹን ጫፎች መሞከር ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ ከጣና ውሃ በዋሻ ስለሚወስደው 460 ሜጋ ዋት ስላለው በለስም ማውራት ይቻላል። ልጁ በጣቱ የሠራውን እዚያ የሚሠራው ውሃው ነው።

ሦስተኛው የባሕር ዳር የራሷ ስጦታ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትውላለች፤ ሚያዝያ 12 ወይም 13 እና ነሐሴ 16 ወይም 17። ነሐሴን ደመና ይበላዋልና በሚያዝያ ይዘጋጁ። የአንድ ሜትር ዘንግ በቱምቢ አቁመው መሬቱን በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ልጆቹ «ጥላው ስንት ሰዓት ይጠፋል?» ሲባሉ «በ6 ሰዓት» ይላሉ። በ6 ሰዓት ግን 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ይገኛል፤ የሚጠፋው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ሲሆን እኛ ያለነው 37.4 ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይሰላል። ስሌቱን ግን ጥላው ከጠፋ በኋላ ይስጧቸው፤ እስከዚያ ይከራከሩ።

ውሃ ማፍላትም ቀላል ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ይቆማል፤ 100 ብለው የሸመደዱት ልጆች መጀመሪያ የሚከሱት ቴርሞሜትሩን ነው። ሌላ ቴርሞሜትር ያቀብሏቸው። ምድጃውን ግን አዋቂ ይያዘው።

ወደ ሐይቁ ስትወጡ ማንም ልጅ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዳይከት። ዳርቻው ቢልሃርዚያ አለበት፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። የውሃውን ጥራት የሚለኩት ከጀልባ መቆሚያ ላይ ሆነው ነው፦ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ አራት ቦታ ከፍለው ጥቁርና ነጭ ይቀቡታል፤ ከሥሩ ክብደት አስረው፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ያወርዱታል፤ ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ይመዘግባሉ። በክረምት ጎርፍ ደለል ሲያስገባና በበጋ የሚለካው አንድ አይሆንም፤ ስለዚህ መዝገቡ እንዳይጠፋ ለአንድ ልጅ በስሙ ያስረክቡት።

የሴት ልጆች ወላጆች የሚጠይቁት ስለ ፊዚክስ ሳይሆን ስለ መመለሻ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በጽሑፍ ይስጧቸው፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜም እነሱን ጎብኚ አድርገው ይጥሩ። ለአስረጂዎቹ የባጃጅ ገንዘብና ሻይ በዳቦ አስቀድመው በበጀት ይያዙ፤ ገንዘቡንም ዕለቱን ይክፈሉ። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የተሰበረ ዕቃ መጠገኛ ነው፤ ካቻቢቴውን የሚይዘው ዕቃው ሲሰበር አጠገቡ የነበረው ልጅ ነው።