የመጀመሪያ ማራቶን ውጭ አገር? እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

የመጀመሪያ ማራቶኔን ሁለቴ ከፍዬ አንዴ ነው የሮጥኩት። አንደኛው አውሮፓ ነበር። መመዝገቢያውን ከፈልኩ፣ ሆቴል ያዝኩ፣ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተናገርኩ፣ ቪዛው ግን ውድድሩ ካለፈ ከሳምንት በኋላ መጣ። ሁለተኛው ዱባይ ነው። እሱን ሮጫለሁ፣ እንዴት እንደሮጥኩ ግን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከማገኛቸው ሰዎች መካከል ታላቁ ሩጫን ሁለት ሦስቴ ጨርሰው «ቀጣዩ ማራቶን ነው፣ ያውም ውጭ» የሚሉ በዝተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ የትኛው ከተማ ይሻላል? እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ክረምት ላይ ትሮጣላችሁ? ትጾማላችሁ? ፓስፖርታችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት ነው የተጻፈው? ይስቃሉ። እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ ባዩት መምረጥ

በርሊንን የምናውቀው በኃይሌ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2007 2፡04፡26፣ በዓመቱ 2፡03፡59። ከዚያ በ2023 ትዕግስት አሰፋ በ2፡11፡53 ገብታ አገር ጉድ አሰኘች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በርሊንን ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን እነሱ የሮጡት መንገድ ሜዳ መሆኑ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ እዚያ ከደረሳችሁ ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «የአበበን መንገድ በእግሬ ልርገጠው» ብሎ ሮምን መረጠ። ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔንም ያባባኛል። ነገር ግን አበበ ቢቂላ በ1960 የሮጠው በሴፕቴምበር አመሻሽ ላይ ነው፤ ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል አልፎ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ጨረሰ። ጥሎት ያለፈው የአክሱም ሐውልትም በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። የዛሬው የሮም ማራቶን ማርች ላይ፣ ጠዋት የሚካሄድ ሌላ ውድድር ነው። መንገዱ በከፊል ኮብልስቶን ነው። እስቲ የሰፈራችሁን ኮብልስቶን አስቡት፣ 35 ኪሎ ሜትር ከሮጣችሁ በኋላ። ጣሊያኖች ደግሞ የሐኪም ማረጋገጫ ጠየቁት፤ ወዳጄ ይህን ያወቀው ከከፈለ በኋላ ነው። ለማንኛውም ጨርሷል። ሲያወራ ግን ከአበበ ይልቅ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ነው የሚያወራው።

ሎተሪውን እንደ እቁብ ማየት

እቁብ ቢዘገይም ይደርሳል። የማራቶን ሎተሪ፣ ማለትም ትልልቅ ውድድሮች ከአመልካቾቹ መካከል ሯጮችን በዕጣ የሚመርጡበት፣ እንደዚያ አይደለም፤ ዘንድሮ አልደረሰኝም ማለት ከርሞ ይደርሰኛል ማለት አይደለም። ለንደን ለ2026 ውድድር ያመለከተው ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። በርሊን፣ ቺካጎ፣ ኒው ዮርክና ቶኪዮም በብዛት በሎተሪ ነው የሚያስገቡት። ቦስተን ይብሳል፤ ወይ በሌላ ማራቶን ያስመዘገባችሁት ፈጣን ሰዓት ይኑራችሁ፣ ወይ ለበጎ አድራጎት ብዙ ሺህ ዶላር ሰብስቡ ይላል። የመጀመሪያውን ማራቶን የሚሮጥ ሰው ሰዓት ከየት ያመጣል?

ሎተሪውን ሞክሩ፣ ችግር የለውም። ግን ዓመታችሁን በሙሉ እሱ ላይ አታንጠልጥሉ። በቀጥታ ከፍሎ የሚገባበት ብዙ ጥሩ ውድድር አለ። «የእኔን የደረት ቁጥር እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ እለፉት። በሌላ ሰው ቁጥር መሮጥ አብዛኛው ውድድር ላይ ክልክል ነው፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኑም ሐኪሞቹ የሚያዩት መረጃ የሌላ ሰው ነው።

ቪዛን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ይሄ የእኔ ነው። ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ስመዘገብ ውድድሩ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። «ኧረ ገና ነው» አልኩ። ልምምድ ጀመርኩ፣ ጫማ ገዛሁ፣ በየሳምንቱ ኪሎ ሜትር ጨመርኩ። ቪዛ ትዝ ያለኝ ሁለት ወር ሲቀር ነው። የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ደንብ ማመልከቻን ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይፈቅዳል። መልሱ በተለምዶ 15 ቀን ነው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከ2024 ወዲህ 45 ቀን ሆኗል። ወረቀት ላይ ሲታይ ሁለት ወር ይበቃል። ያልቆጠርኩት ነገር የቀጠሮ ወረፋውን ነው። ቀጠሮ ሳገኝ አራት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ የባንክ መግለጫው ማኅተም ጎደለው። ከዚያ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ማስረጃ አሟላ ተባልኩ። ውድድሩ በተካሄደበት እሑድ እኔ ሰንዳፋ መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ ነበር፣ በንዴት። በሕይወቴ ከሮጥኩት ረጅም ሩጫ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው።

የመመዝገቢያው ገንዘብ አልተመለሰም። ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ቪዛ ብትከለከሉ ገንዘባችሁ ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል? አዘጋጆቹ ለቪዛ የሚሆን የምዝገባ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጣሉ? ሆቴሉስ ያለ ቅጣት ይሰረዛል? ሦስቱም ላይ መልሱ የማይጥም ከሆነ ሌላ ከተማ ፈልጉ። ውጭ የምትኖሩና የዚያ አገር ፓስፖርት ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት፣ እድለኞች ናችሁ።

የአያት ስም ነገር

የእኛ ፓስፖርት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይዞ ነው የሚመጣው። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ሁለት ብቻ። እኔ የራሴንና የአባቴን ሞላሁ። ዱባይ ቁጥር ልወስድ ስሄድ ልጅቷ ፓስፖርቴን ገልጣ በአያቴ ስም ፈለገችኝ። የለሁም። እንደገና ፈለገች። የለሁም። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ነው፣ እኔ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ የምዝገባ ኢሜይሌን ፍለጋ ወደ ታች እየወረድኩ ነው፣ ኢንተርኔቱ አይሠራም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ማረጋገጫውንም አትማችሁ ያዙ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። 7፡00 የሚለው የፈረንጅ ሰዓት የእኛ 1 ሰዓት ነው። ለእናንተ ግልጽ ነው፤ እናቴ ግን ቤተሰብ ግሩፕ ላይ የላክሁትን አይታ ልታበረታታኝ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው።

የውድድሩን ቀን ብቻ አይቶ የልምምዱን ወራት አለማየት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያስበውም። ማራቶን ማለት ከውድድሩ በፊት ያሉት 16፣ 18 ሳምንታት ናቸው። ካላንደር ላይ ወደኋላ ቁጠሯቸው።

በርሊን የሚካሄደው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ከመስቀል ጋር ተጠጋግቶ ነው። ወደኋላ ስትቆጥሩ ሙሉ ክረምቱ እግራችሁ ሥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ 28 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ታውቃላችሁ? ለዚያ ለከሸፈው አውሮፓ ስለማመድ ካልሲዬ ደርቆ አያውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ለእሑዱ ረጅም ሩጫ ይድረስልኝ ብዬ ጫማዬን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳነሳው ማጣበቂያው ለቆ ሶሉ እንደ አፍ ተከፍቷል። በሰው አገር ዋጋ የተገዛ ጫማ ነው።

የዱባይ ግን ሌላ ነው። የሚካሄደው በእነሱ ብርድ ወራት ስለሆነ ልምምዱ ከመስቀል በኋላ ያለውን ደረቅ ወቅት ይዞ ይሄዳል። ጠዋቱ ይቀዘቅዛል እንጂ መንገዱ ደረቅ ነው። የሰዓት ልዩነቱም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ እንቅልፍ አያዛባም።

ጾሙን ደግሞ አስቡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የኤፕሪል ውድድር የመረጠ ሰው ከባዱን ልምምድ በሽሮና በአትክልት ነው የሚወጣው። ይቻላል፣ የሚችሉ አሉ፣ ግን ቀድሞ መዘጋጀት ይፈልጋል። ዲሲ የሚኖር ጓደኛዬ በበጎ አድራጎት በኩል ገብቶ የመጀመሪያ ማራቶኑን ቦስተን ላይ ሲሮጥ (2025 ነበር) ፋሲካ የዋለው በዋዜማው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ዶሮ ወጡ ጋ ተቀመጠ። በማግስቱ ከመነሻው ከሆፕኪንተን ተነስቶ ከ32ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለችውን ታዋቂዋን ዳገት እንዴት እንደወጣት አልነግራችሁም፣ ሰውየው አሁንም ጓደኛዬ ነው። ረመዳን የምትጾሙም እንደዚሁ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል የአምናው ስሌት ለዘንድሮ አይሠራም።

«እኛ ከፍታ ላይ ነን» ብሎ መኩራት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የተለማመደ ሰው ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ ትንፋሹ ይቀለዋል፣ እውነት ነው። እኔም ዱባይን ስመርጥ «ሜዳ ነው፣ ዝቅተኛ ነው፣ አለቀ» ብዬ ነው።

በ10ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እያወራሁ እሮጥ ነበር። በ21ኛው ሰዓቴን አይቼ ለራሴ ፈገግ አልኩ። ትንፋሼ ምንም አላለም። እግሬ ግን ያን ፍጥነት አያውቀውም ነበር፤ ሜዳ ላይ ለሰዓታት ያንኑ እርምጃ መደጋገምም አልለመደም። የእኛ መንገድ ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ጡንቻ እየተፈራረቀ ያርፋል። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ በ33ኛው ላይ እግሬ እንጨት ሆነ። መንገድ ዳር ባንዲራ ለብሰው አትሌቶቻችንን ሊያበረታቱ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ አትሌቶቹ ካለፉ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። አንዷ ስታየኝ ስታየኝ ቆየችና «አይዞህ ወንድሜ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» አለችኝ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነበር የቀረኝ።

ተቃራኒውም አለ። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል መጥታችሁ የመጀመሪያ ማራቶናችሁን አዲስ አበባ አካባቢ ልሮጥ የምትሉ፣ ፍቅራችሁ ደስ ይለኛል፣ ግን ይህ አየር ለማንም አይራራም። ኖቬምበር ላይ ኑና ታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ሩጡ። ጭፈራው ይበልጣል።

አደራ ዕቃ

የምትሄዱበት ከተማ ዘመድ ካለ እወቁት፤ ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት። ስትመለሱ ደግሞ ስልክና ጫማ። ዱባይ ውድድሩ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው የአክስቴ ልጅ ግዛልኝ ብላ የላከችኝን ሽቶ ፍለጋ አራት ሰዓት ሞል ውስጥ ዞሬያለሁ። ከቻላችሁ ዘመድ የሌለበት ከተማ ምረጡ። ካልቻላችሁ ለሁሉም «ከእሑድ በኋላ» በሉ። የመሮጫ ጫማችሁ ግን በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ የለመዳችሁት በሶም አብሮ።

መጨረሻ የሚዘጋበትን ሰዓት አለማየት

በርሊን ለመጨረስ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሰጣል፣ ቺካጎ 6 ሰዓት ተኩል። ዲሲ አጠገብ በኦክቶበር መጨረሻ የሚካሄደው ማሪን ኮር ማራቶን ደግሞ አንድ ድልድይ አለው፤ በተባለው ሰዓት ካልደረሳችሁበት ያስቆማችኋል። ለዚያ አካባቢ ሰው ግን ጥሩ መጀመሪያ ነው፣ በራስ አልጋ ተኝቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ኒው ዮርክን የመረጠ ደግሞ መነሻው ባለበት ስታተን ደሴት ላይ ውጭ ብርድ ላይ ለረጅም ሰዓት እንደሚጠብቅ ይወቅ፤ የሚጣል አሮጌ ሹራብ ይያዝ። ውድድር ሊሰረዝም ይችላል። በ2012 ሳንዲ በተባለው አውሎ ነፋስ ምክንያት ኒው ዮርክ የተሰረዘው ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ ሯጩ ከያለበት ከገባ በኋላ።

እኔ ዱባይ ላይ የጨረስኩት በ5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። እዚህ አገር ማራቶን ማለት ሁለት ሰዓት ከምናምን ስለሆነ ማንም ሰዓቴን አልጠየቀኝም። እናቴ ደውላ «ስንተኛ ወጣህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «በልተሃል?» አለችኝ።