የባሕር ስፖንጅ ሞዴል በሃይላንድ እንዴት እንደሚሠራ

የስፖንጅ ሥዕል የተሰጠው ተማሪ ከላይ ያለውን ሰፊ ቀዳዳ «አፍ» ብሎ ይጽፋል። ስፖንጅ ግን እንስሳ ቢሆንም አፍም፣ ሆድም፣ ነርቭም የለውም። ውሃ የሚገባው ኦስቲያ በሚባሉት የጎን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ሰፊው ኦስኩለም መውጫ ነው። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ቀይ ባሕር ሩቅ ስለሆነ፣ እዚሁ በቤት ዕቃ እናሳየው።

የአንድ ሊትር ሃይላንድ አንገት ቁረጡ። ምስማር በሻማ አግላችሁ፣ በፒንሳ ይዛችሁ፣ የታችኛውን ግማሽ ዙሪያውን ብሱት፤ ቀዳዳው ጠባብና ብዙ ይሁን። የውስጥ ግድግዳውን ነጭ አቡጀዲ አልብሱና አንገቱን በፕላስተር መልሱ። እንዳይንሳፈፍ ጠጠር ጨምሩበትና ቀዳዳዎቹ እስኪሰጥሙ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አቁሙት።

ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ቀጭን ጎማ ውሃ ሙሉት። ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ዘግታችሁ አንዱን በአንገቱ በኩል እስከ ታች አስገቡ፣ ሌላውን መሬት ላይ ወዳለ ባልዲ አውርዱና ልቀቁ። ጎማው አየር ከሳበ ቀዳዳው አንሷል፤ ጨምሩ።

አሁን የደቀቀ ከሰል በውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ከሃይላንዱ አጠገብ አፍስሱ። ጥቁሩ ውሃ ወደ ጎን ቀዳዳዎቹ ይሳባል። ቆይታችሁ አቡጀዲውን ስታወጡት በየቀዳዳው ትክክል ጥቁር ነጥብ ታገኛላችሁ።

አቡጀዲው የኮአኖሳይት ሴሎችን ቦታ ይዟል። እያንዳንዷ ሴል በጅራፍ መሰል ፍላጀለሟ ውሃውን ትገፋለች፣ በአንገትጌዋ ባክቴሪያና ደቃቅ ምግብ ትይዛለች። ምግቡን በጄሊ መሰሉ ሜሶሂል ውስጥ የሚዘዋወሩ ሴሎች ያከፋፍላሉ። አካሉን የሚደግፉት ስፒክዩል የተባሉ የሲሊካ ወይም የካልሲየም ካርቦኔት መርፌዎች ናቸው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ስፖንጂን የተባለ ፕሮቲን።

ሞዴሉ አንድ ነገር ይዋሻል፦ እዚህ ውሃውን የሚስበው የቦታ ከፍታ ልዩነት ነው፤ ስፖንጅ ግን የሚስበው በዋናነት በፍላጀለም ነው። ያም ቢሆን 10 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ሉኮኒያ የተባለች ስፖንጅ በቀን 22.5 ሊትር ያህል ታሳልፋለች። መውጫው ከመግቢያዎቹ ድምር ስለሚጠብ ውሃው በኃይል ይወረወራል፤ ቆሻሻውም ርቆ ስለሚሄድ መልሳ አትስበውም። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሮበርት ግራንት ይህን ፍሰት በማይክሮስኮፕ ያየው በ1825 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ክረምት ከሆነ በከሰሉ ፈንታ የቦርከናን ድፍርስ ውሃ ሞክሩ። አቡጀዲው ይደፈናል፣ ባልዲው ውስጥ የሚወርደውም ይቀጥናል። ብዙ ስፖንጆችም ደለል ሲበዛባቸው ውሃ መሳብ ይቀንሳሉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።