በበልግ የሐይቅ ቆሮሶ እምቢ ሲላችሁ

ወሎ ውስጥ «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን አሳ ለማጥመድ ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ ቡሹ (ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው) ንቅንቅ አላለም? ብዙ ሰው ቶሎ ትሉን ይቀይራል፣ መንጠቆውን ይቀይራል። እኔ ግን መጀመሪያ ቦታውን እጠረጥራለሁ።

ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ መሃሉ ከ80 ሜትር ያልፋል። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው አሳ አይኖርበትም። በበልግ ደግሞ ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው ዳሩን ነው፤ ቆሮሶም ለመራባት ወደዚያው ይጠጋል። ስለዚህ ክሩን አርቆ መወርወር አሳውን አልፎ መሄድ ነው።

መፍትሄው፣ ከመወርወራችሁ በፊት ውሃውን እዩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ዳር ዳሩን ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ። አሸዋማ ወለል ላይ ትሪ የሚያክል ክብ ጎድጓዳ ቦታ ታገኙ ይሆናል። ዙሪያው ዝቃጭ ነው፣ ውስጡ ግን ተጠርጎ ነጥቷል። ወንዱ ቆሮሶ በአፉ የቆፈረው ጎጆ ነው። እሱ ላይ አትወርውሩ፤ አለፍ ብሎ ቄጠማው ጫፍ ላይ ሞክሩ።

ማልዳችሁ ሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን ተመለሳችሁ? ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ዳሩን ያቀዘቅዘዋል። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ነፋሱ የሚገፋበት ዳርቻ ይሻላል፤ የሚበላው አልጌ ወደዚያ ይከማቻል።

ትሉ ይጠፋል፣ አሳው ግን አይያዝም? መንጠቆው ትልቅ ነው ማለት ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ጫፍ ጫፉን እየነካካ ይበላል። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ያዙ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ። ትሉን ወይም ሊጡን የአተር ፍሬ አሳክሉት። ቡሹም ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ቡሽ አሳውን ያስበረግገዋል። መጀመሪያ ቡሹ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አትጎትቱ፣ ታገሱ። ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ሳብ አድርጉ።

ዝናብ ዘንቦ ውሃው ደፈረሰ? ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣው አንከርካ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ጭቃ ሲሆን ቆሮሶን ውሃው በጠራበት ዳር ፈልጉ። አምባዛ ካማራችሁ ግን ድፍርሱ ውሃ ጥሩ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ፣ ወፍራም ትል፣ ወለሉ ላይ፣ ሲመሽ።

የሚያናድደው ደግሞ አሳው በዓይን እየታየ አለመንካቱ ነው። ጉሮሮዋ ያበጠ ከሆነ ሴት ናት፤ አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ይዛለች፣ በዚያ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ለዚህ ችግር ሌላ ትል አያድንም። በመንጠቆ ገላዋን ወግቶ ማውጣት ግን በጣም ያሳዝነኛል፤ አንዷን ስታወጡ መቶ ጫጩት አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለችዋ በአጋጣሚ ከተያዘች እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ከውሃው ሳታወጡ መንጠቆውን ፍቱላትና ልቀቋት። ከዚያ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ሌላ ዳርቻ ሂዱ።