ከወንዝ ዳር በተገኘ ሥርና ድንጋይ ቅርጽ እንዴት ይሠራል?

ሠዓሊውና ቀራፂው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ አገጣጥሞ የበሬ ራስ ሠርቷል። መዶሻና መሮ ይዞ አልጠረበም፤ ጥበቡ ያለው መምረጡ ላይ ነው። እኔም ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ጊዜያችሁን ለመምረጥ ስጡ፣ በመቁረጥ ላይ ንፉግ ሁኑ።

መጀመሪያ ፍለጋ። የክረምቱ ጎርፍ ሲጎድል፣ ከመስከረም በኋላ፣ ጎንደር ውስጥ ወደ ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ዳር ውረዱ። ውሃው ቅርፊቱን የላጠለት ሥርና የተሞረደ ድንጋይ ታገኛላችሁ። የእርሻ ወሰን የሆነ ድንጋይ ግን አትንኩ፤ ጎረቤት ያጣላል። ከፋሲል ግቢ ደግሞ ጠጠር እንኳ አይነሣም። ተራ የሚመስለው የወደቀ ድንጋይ ለግንቡ ጥገና ሊፈለግ ይችላል፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

ሥሩን ቤት ስታስገቡ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። የተቆረጡትን ጫፎች ሰም ቀብታችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለሳምንታት አቆዩት። አፈሩን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ በብረት ብሩሽ ከፈተጋችሁት ግን ውሃው ያወጣው ልስላሴ ይጠፋል።

ከመግጠማችሁ በፊት ወደ ፋሲል መዋኛ ሂዱና ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች በቅርብ እዩ። ሥሩ የድንጋዩን ጠርዝ ተከትሎ ይወርድና ስንጥቅ ሲያገኝ ጣቱን ይሰካል፤ የትኛውም ድንጋይ ለእሱ አልተጠረበም። የእናንተንም ሥር በድንጋዩ ላይ እያዟዟራችሁ፣ ራሱ የሚቀመጥበትን ቦታ እስኪያገኝ ሞክሩ።

ቦታው ሲገኝ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በሁለቱም ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ አውጡ፤ ለድንጋዩ የድንጋይ መብሻ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ ነውና እያረፋችሁ ብሱ፤ ዓይናችሁን በመነጽር፣ አፍንጫችሁን በጭምብል ሸፍኑ። አጭር ቀጭን ፌሮ አስገብታችሁ በኢፖክሲ ሙጫ አጣብቁና እስኪደርቅ ደግፉት። ቫርኒሽ አልወድም፤ ሥሩን የሱቅ ዕቃ ያስመስለዋል።

የሰው እጅ የሠራውን፣ ለምሳሌ አሮጌ ቀንበር ወይም የወለቃ መንደር ሸክላ፣ ከጨመራችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የሠሪው ስም ከታወቀም ከእናንተ ስም ጎን ይጻፍ። በመግለጫው ላይ ዕቃው የት እንደተገኘና እናንተ ምን እንዳደረጋችሁበት ለይታችሁ አስፍሩ፤ ተመልካቹ የወንዙን ሥራ ከእናንተ ሥራ መለየት አለበት።