በረዶ የጣለ ዕለት ከውሾች ጋር እንዴት ይዋላል?

በረዶ ሲጥል ውሻ ያለው ሰው ዋና ሥራው በሩ ላይ ነው። ከመውጣት በፊት ያለችውን ትንሽ ዝግጅትና ሲመለሱ ያለችውን ማጠብና ማድረቅ ካልዘለላችሁ የቀረው ቀን ጨዋታ ነው። ከዘለላችሁ ግን መዳፉን ሲልስ የሚያመሽ ውሻና የረጠበ ሶፋ ይጠብቃችኋል።

1. የራሳችሁን ውሻ አይታችሁ ወስኑ

ብርድ ለሁሉም ውሻ እኩል አይደለም። ሀስኪ፣ ማላሙትና ሳሞይድ የሚባሉት ዝርያዎች ከላይ ረጅም፣ ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ስላላቸው በረዶ ላይ ጋደም ማለት ያምራቸዋል። ቺዋዋና ግሬይሀውንድ ግን ፀጉራቸውም ስስ፣ ስባቸውም ትንሽ ነው። ቶሎ ይበርዳቸዋል። ቡችላ፣ ያረጀና የታመመ ውሻም እንዲሁ። መገጣጠሚያውን የሚያመው ሽማግሌ ውሻ በብርድ ጠዋት እግሩ እስኪፍታታ ጊዜ ይወስድበታል፤ አታጣድፉት።

እንደ መነሻ ይህን ያዙ። ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ለትንንሾቹና ፀጉራቸው ለሳሳው ተጠንቀቁ። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪን ካለፈ ለሁሉም ጊዜውን አሳጥሩ። ነፋስ ካለ ወይም ፀጉሩ ከረጠበ ብርዱ ቴርሞሜትሩ ከሚለው በላይ ይሰማዋል።

ፀጉሩ ስስ ለሆነ ውሻ ደረቱንና ሆዱን የሚሸፍን ልብስ አልብሱት። ለሀስኪ ልብስ መደረብ ግን ለፎቶ ካልሆነ ምንም አይፈይድም። በብርድ ወራት ፀጉሩን አለመላጨት ይበቃዋል።

2. መጸዳጃውን በአካፋ ጥረጉለት

ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ቁመቱ አጭር የሆነ ውሻ በረዶው ሆዱን ሲነካው መጸዳዳቱን ትቶ ወደ በሩ ይመለሳል። ከዚያ ምንጣፋችሁ ላይ ይጨርሰዋል፤ በሱ አይፈረድም። ከበሩ አጠገብ ትንሽ ቦታ ሣሩ ወይም አፈሩ እስኪታይ ድረስ ጥረጉ፣ እዚያ ድረስ የሚያደርስ ቀጭን መንገድም ክፈቱ። ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ ውሰዱት። የራሱን ሽታ ስለሚያገኝ ቶሎ ጨርሶ ይገባል።

3. መዳፉን አዘጋጁ

የውሻ መዳፍ ብርድን ለመቻል የተሠራ ነው። ወደ መዳፉ የሚወርደው ሞቃት ደምና ከመዳፉ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ነው የሚያልፉት። የሚወርደው የሚመለሰውን እያሞቀ ይሄዳል። ስለዚህ ጤነኛ ውሻ በአጭር መንገድ ላይ መዳፉን የሚጎዳው ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ የሚጋገር በረዶና ጨው ናቸው።

መዳፉን ገልብጣችሁ እዩት። በጣቶቹ መሃል ፀጉር ወጥቷል አይደል? በረዶው እዚያ ፀጉር ላይ ይለጠፋል። በሰውነቱ ሙቀት ትንሽ ይቀልጣል፣ መልሶ ይጋገራል፣ ሌላ ይደረብበታል። ትንሽ ከሄደ በኋላ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው ያነክሳል፤ ቆሞም ጣቶቹን መንከስ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ያንን ፀጉር ከመዳፉ ትራስ ጋር እኩል እስኪሆን በመቀስ ከርክሙት። መቀሱ ጫፉ ያልሾለ ይሁን፣ ወደ ቆዳው አታስጠጉት። ከመውጣታችሁ በፊት ስስ ቫዝሊን ቀቡት። የውሻ ጫማ ከዚህ ይሻላል፣ ከለበሰው ማለቴ ነው። አብዛኞቹ መጀመሪያ እግራቸውን እንደ ፈረስ እያነሱ ይራመዳሉ፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ አለማምዱት።

4. አጭር ውጡ፣ ደጋግማችሁ ውጡ

አንድ ረጅም ጉዞ ከሚሆን ሦስት አጫጭር ይሻላል። ከማሰሪያው አትፍቱት። በረዶ የሚያውቀውን ሽታ ስለሚሸፍንበት የቤቱ መንገድ ሊጠፋው ይችላል። ላዩ በበረዶ የተጋገረ ኩሬ ወይም ሐይቅ ላይ አይውጣ። ጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ ሊወርድ በሚችልበት ሥርም አትቁሙ።

መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው መዳፉን ያቃጥለዋል። ሲልሰው ደግሞ ሆዱን ይረብሸዋል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ከሁሉ የከፋው ከመኪና የሚንጠባጠብ አንቱፍሪዝ ነው፤ የሞተሩ ውሃ በብርድ እንዳይጋገር የሚጨመረው ፈሳሽ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ውሻ ይልሰዋል፤ ትንሹም ይገድላል። መጀመሪያ እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል፣ ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ በዚያው ሰዓት ግን ኩላሊቱ እየተበላሸ ነው። ላሰው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

ሲንቀጠቀጥ፣ እግሩን ተራ በተራ ሲያነሳ ወይም አልሄድም ብሎ ሲቆም ጉዞው አበቃ። ከዚያ አልፎ መንቀጥቀጡ ቆሞ መፍዘዝና መንገዳገድ ከጀመረ ሰውነቱ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ቀዝቅዟል ማለት ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የጆሮው ጫፍ፣ የጅራቱ ጫፍ ወይም ጣቱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ውርጭ መትቶታል። አትሹት፣ የሚያቃጥል ውሃም አታስነኩት።

5. ሲገባ እጠቡ፣ አድርቁ

በሩ አጠገብ ለብ ያለ ውሃ በሳፋና ሁለት ፎጣ አዘጋጁ። እግሮቹን አንድ በአንድ ንከሩ፤ ጨውም ይወጣል፣ የተጋገረው በረዶም ይቀልጣል። በረዶውን በጣት ጎትቶ ማውጣት ፀጉሩን ከነቆዳው ስለሚጎትተው ያመዋል። ከዚያ በጣቶቹ መሃል ድረስ አድርቁ። ስንጥቅ ወይም ቅላት ካለ የምታዩት ያኔ ነው። ሆዱን እንዳትረሱ፣ አጭር ውሻ ጨውን በሆዱ ይጠርገዋል። የረጠበ ልብስም ላዩ ላይ አይቆይ።

ውሾቹ ሁለት ከሆኑ አንዱን በር ውስጥ አስቀምጡና ተራ በተራ። አለበለዚያ የደረቀው ባልደረቀው ላይ ይንከባለልና እንደገና ትጀምራላችሁ።

6. ቤት ውስጥ አፍንጫውን አሠሩት

ብዙ ሰው ያልወጣ ውሻን በሩጫ ለማድከም ይሞክራል። ሳሎን ውስጥ ኳስ ይወረወራል፣ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ውሻውም ከመድከም ይልቅ ይብሳል። እኔ የማምነው በማነፍነፍ ነው። ሽታ ተከትሎ መፈለግ ጭንቅላቱን ስለሚያሠራው 10 ወይም 15 ደቂቃ ከፈለገ በኋላ ብዙ ውሻ ራሱ ሄዶ ይተኛል።

ከዕለት ምግቡ እፍኝ የምትሆን ደረቅ ምግብ ያዙ። ፎጣ ዘርጉ፣ በተኑበትና ጠቅልሉት፤ በአፍንጫው እየገፋ ይፈታዋል። ሲለምደው ጥቅሉን አንዴ ቋጥሩት። ወይም ባዶ ካርቶኖች ደርድሩና ከአንዱ ውስጥ ደብቁ። ካርቶኑን ቢቀዳድደው ተዉት፣ እንዳይውጠው ብቻ ተከታተሉ። ድብብቆሽም ይሆናል፤ አንድ ሰው ይዞት ሌላው ተደብቆ ይጠራዋል። ውሾቹ ሁለት ሲሆኑ የምግብ ጨዋታውን በተለያየ ክፍል አድርጉት። በደህና ቀን የሚዋደዱ ውሾች እንኳ በምግብ ይጣላሉ።

ሂተርና ምድጃ ላይ ተጠንቀቁ። ውሻ ሙቀት ፍለጋ እየተጠጋ ፀጉሩን ያቃጥላል፤ ቢያንስ 1 ሜትር የሚያርቅ መከለያ አድርጉ። መኝታው ከወለሉ ከፍ ይበል፣ ከበርና ከመስኮት ንፋስም ይራቅ። ለራሳችሁ ትኩስ ቸኮሌት ካፈላችሁ ኩባያውን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አትተዉ። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቲዮብሮሚን ለውሻ መርዝ ነው። ዘቢብም፣ ዛይሊቶል የተባለ የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካም እንዲሁ። ውሃውን ሙሉለት፣ በረዶ መላሱ ውሃ አይተካም። ብዙ ካልተንቀሳቀሰ ምግቡን ትንሽ ቀንሱ።

7. የማታው መውጫ

ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ አውጡት፤ ግቢያችሁ የታጠረ ቢሆንም በማሰሪያ። ነፋስ በረዶውን አጥሩ ሥር ሲከምረው ለውሻው መወጣጫ ይሆንለታል፣ ትናንት የማይዘለው አጥር ዛሬ በእርምጃ ይታለፋል። ክምሩን ከአጥሩ ሥር በአካፋ አንሱት። አንገቱ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ማሰሪያ አድርጉለት፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ካለውም የተመዘገበው ስልክ አሁን የምትጠቀሙበት መሆኑን አረጋግጡ።